የበለጥሽ ሙዝና የፀደይ ትሎች

መስከረም 20 ቀን 1989

ካሮት ገዝቼ መጣሁ። ከሲቀላ እስከ ላንቴ በጋሪ። ልጄ ፀደይ ወፍራም ወፍራሙን ነው የምትፈልገው፤ ያልተሰነጠቀ፣ በዕለቱ ከጨንቻ የወረደ። ለእኛ አይደለም፣ ለምታጠናቸው ትሎቿ ነው። ታጥበዋለች፣ በአልኮል ትለበልበዋለች፣ ትልጠዋለች፣ ስስ ስስ አድርጋ ቆርጣ በጠርሙስ ታኖርላቸዋለች። ጠርሙሶቹ የእናቷ የበለጥሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። የእርሻ መሥሪያ ቤቷ ትል የሚረባበት የሙቀት ማሽን የለውም። "አርባ ምንጭ ሙቀቱን በነፃ ይሰጣል" ትላለች። የሟች ቀሚስ የተሰቀለበት ቦታ ዛሬ ትል ይቀለብበታል... በለጥሽ ብትኖር ትስቅ ነበር።

ብዕር ያነሳሁት ግን ለካሮት አይደለም። ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩት ነገር አለ።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ የበለጥሽ ሙት ዓመት ደረሰ። መንገዱ ዝግ፣ ሙዝ የሚጭን መኪና የለም፣ ቤቴ ባዶ። ለመጣው ሁሉ ከጓሮዬ የሙዝ ችግኝ ሰጠሁ፤ እሷ ራሷ ከተከለችው። "ነፍስ ይማር" እያሉ ተሸክመው ሄዱ። እስከ ዛሬ "የካሱ ተዝካር አሁንም ያፈራል" ይባልልኛል።

ችግኞቹ የታመሙ ነበሩ። አውቅ ነበር። ከጓሮ በስተኋላ ሙዝ ከነፍሬው እየወደቀብኝ፣ ሥሩን ስሰነጥቀው ውስጡ ቀልቶ አይቻለሁ። የችግኞቹም ያው። የቀላውን ሥር በቢላዋ ቆረጥኩ፣ የቆረጥኩበትን ጭቃ ቀባሁ፣ ሰጠሁ። ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብዬ... ወይስ እኔ ባዶ እጄን እንዳልታይ? ሁለተኛው ነው።

መስከረም 21

ብጽፈው የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም።

መስከረም 28

ሌሊቱን የአባያ ነፋስ ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ጎረቤቴና ማኅበርተኛዬ ኦይታ ደጄ ላይ ቆሟል። የተዝካሩ ዕለት የመጀመሪያውን ችግኝ የወሰደው እሱ ነው።

"ካሱ፣ ና እይ።"

ሄድኩ። ሙዞቹ ሥራቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተኝተዋል። ፍሬው ገና ጮርቃ። ኦይታ ከዚህ ሌላ መሬት የለውም።

"ነፋስ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለ። "ያልገባኝ ያንተን ለምን እንደማይጥለው ነው።"

የእኔን የማይጥለው በእንጨት ስለደገፍኩት ነው። ድጋፉን በደረቅ ቅጠል ሸፍኜዋለሁ። ሸፍኜ...

ፀደይ ከኋላዬ ደረሰች። ተንበርክካ ሥሩን ቆረጠች፣ በላስቲክ አሰረች፣ ስሙን ጻፈችበት።

"ጋሼ ኦይታ፣ ነፋሱ ገፋው እንጂ አልጣለውም። የሚቆምበት ሥር አጥቶ ነው።"

"ሥሩን ማን በላው?"

"ትል። በዓይን አይታይም።"

"የማይታይ ከሆነ አንቺ እንዴት አየሽው?"

"መሣሪያ አለኝ።"

"እንግዲያው በመሣሪያሽ የጠፋች ፍየሌን ፈልጊልኝ።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጥቅምት 3

ሲቀላ። አገኘሽ የምትባለው ካሮት ሻጭ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፦ "ጋሼ፣ ልጅዎ አሁንም ትል ታረባለች?"

"ታረባለች።"

"ሰው ዶሮ ያረባል፣ ንብ ያረባል..."

"ዶሮማ ማንም ያረባል።"

"ቤልጂየም ድረስ ሄዳ ለትል? ዕድሜዋስ? ባሉስ?"

"ባል ብትፈልግ እዚያው አታጣም ነበር። አንቺ ትልልቁን ምረጪልኝ፣ እንግዶቼ ሆዳሞች ናቸው።"

አሳቅኳቸው። ጋሪው ላይ ስወጣ ግን ተናድጄ ነበር። ለምን አፍራለሁ? ልጅ ሳለች፣ ሸማ ስሠራ፣ ከሸማኔ ጉድጓዴ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። "አባዬ፣ ይህን ጥለት ማን አስተማረህ?" "አባቴ።" "እሱንስ?" እያለች አዳም ድረስ ትወስደኝ ነበር። አለማያ የገባችውም፣ ባሕር ማዶ የተሻገረችውም ያንኑ ጥያቄ ይዛ ነው፤ ምን ከማን ይወረሳል? አብረዋት የሄዱት እዚያው ቀሩ። እሷ ትሎቿ እዚህ ናቸው ብላ ተመለሰች። እኔ ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ?

ጥቅምት 12

ሚካኤል። ከማኅበር ስንወጣ ይፍሩ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ነው፤ የላንቴን ሙዝ አዲስ አበባ የሚያደርሰውም የእሱ አይሱዙ ነው።

"ጋሽ ካሱ፣ ልጅቷን ያዝልኝ።"

"ምን አደረገች?"

"የላንቴ ሙዝ ትል አለበት የሚል ወሬ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ከደረሰ ማን ይገዛናል?"

"ሥር ነው የሚበላው፣ ፍሬው ውስጥ አይገባም ትላለች።"

"ገዢ ይህን ይለያል? ትል ከተባለ ትል ነው። ከእንግዲህ በማኅበርተኛ ጓሮ አትቆፍርም። ተነጋግረናል።"

"እኔ ሳልኖር?"

"አንተማ አባት ነህ።"

"አባቷ ነኝ። ስለዚህ አልይዛትም" አልኩት።

 ለልጄ ቆምኩ ብዬ ኮራ ብዬ መጣሁ። ደጄ ስደርስ ድጋፎቼን አየኋቸው። የራሴን ጓሮ እንዳትቆፍር "የእናትሽ መታሰቢያ ነው፣ እንዳትነኪው" ያልኳት ማን ሆነና? ከይፍሩ በምን እሻላለሁ? እሱስ ቢያንስ በግልጽ ከለከላት።

ጥቅምት 19

አለቃዋ ጠርቷት ነበር። እስከ ታኅሣሥ የተጨበጠ ነገር ካላመጣች ጥናቱ ይዘጋል፣ ማይክሮስኮፑ ይመለሳል፣ እሷ የማዳበሪያ እደላ ትከታተላለች። የበቆሎ ኩርኩፋውን በሀለኮ ጎመን እየበላች ነው የነገረችኝ፣ የሌላ ሰው ወሬ ይመስል።

"ምን አልሽው?"

"እምቢ አልኩት።"

"ምን ቀረሽ ታዲያ?"

"ከየት እንደገባ ማወቅ። በእግሩ አይሄድም እኮ አባዬ፣ ሰው ነው በችግኝ የሚያዞረው። ላንቴ ውስጥ ደግሞ ችግኝ የተጠየቀ ሰው እምቢ አይልም። መነሻውን ካላሳየኋቸው ማን ያምነኛል? እየተሰጣጡ ይጨርሱታል።"

የቀረኝን ኩርኩፋ ወደ እሷ ገፋሁት።

ጥቅምት 27

ትሎቿን በአልኮል አድርጋ ቤልጂየም ላሉት መምህሯ ልካ ነበር። ውጤቱ መጣ። ፎቶግራፍ ነው፤ ጥቁር መደብ፣ በላዩ ነጫጭ ሰረዞች በየመደዳው። አንዱ መደዳ የአንድ ጓሮ ትል ነው አለችኝ።

"ይህ የጋሼ ኦይታ። ይህ የይፍሩ። ይህኛው ከጅማ ያመጣሁት፣ ተለየ አይደል?"

"ጥለት ነው" አልኳት።

ደስ አላት። "አዎ፣ ጥለት ነው።"

"የላንቴዎቹ ከአንድ ሸማኔ እጅ የወጡ ናቸው።"

"አንድ ዘር ናቸው አባዬ። ከአንድ ቦታ የተነሡ።"

የመጀመሪያው መደዳ ላይ ጣቷን አላሳረፈችም። ዘለለችው።

"ይህስ?"

"እሱ... የሌላ ቦታ ነው።"

"የት?"

"ሩቅ።"

ይህን ስትል አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አደረገች። እኔም ስዋሽ እንደዚያ ነኝ፤ በለጥሽ ነበረች የምትነግረኝ። ውሸትም በዘር ይሄዳል? መደዳው ከኦይታ ጋር ሰረዝ በሰረዝ አንድ ነበር።

ጥቅምት 28

ታውቃለች። ከመቼ ጀምሮ?

ኅዳር 2

ጠየቅኳት። "ጓሮዬን መቼ ቆፈርሽ?"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ፦ "እንደመጣሁ ሰሞን። አንተ ቅዳሴ ሄደህ።"

"ጽሑፍሽ ላይ ምን አልሽ?"

"መነሻው አልታወቀም።"

"ፎቶው ላይ አለ እኮ።"

"መምህሬ ዘንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ናሙናው ተበላሽቷል እላቸዋለሁ፣ መደዳውን አወጣዋለሁ።"

"ለዚህ ነው የተማርሽው?"

ተቆጣች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። "ምን ላድርግ ታዲያ? የእማዬ ተዝካር ነው በሽታውን ያዳረሰው ብዬ ልጻፍ? ስምህን ልጥራ? ሳታውቅ ለሰጠኸው..."

ሳታውቅ። እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር። አልቆምኩም። ስለ ቀላው ሥር፣ ስለ ቢላዋው፣ ስለ ጭቃው ነገርኳት።

ሄዳ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። 

"ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር" አለች።

"አሁን ጻፊው።"

"አልጽፍም።"

እምቢተኛ ናት። ከማን እንደወረሰች ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።

ኅዳር 5

እሷ ካልጻፈችው መሬቱ ይጽፈዋል። ድጋፎቹን በጠራራ ፀሐይ አነሳኋቸው፣ አላፊ አግዳሚው እያየ። ከዚያ ዶማ። በለጥሽ በእጇ በተከለችው ጀመርኩ። ወደ ኋላ ካቆየሁት እንደማልነካው ራሴን አውቃለሁ። ጉቶውን ስሰነጥቀው ቀይ ነበር፣ እስከ ውስጡ። "ይቅር በይኝ" አልኩ። ለእሷ ነው ለሙዙ?

ኅዳር 8

ይፍሩ መጣ። ጓሮዬ ግማሹ ሜዳ ሆኗል። ጉቶዎቹን ፈልጬ ፀሐይ ላይ አስጥቻቸዋለሁ።

"ጋሽ ካሱ፣ ደህና ነህ? የሚያፈራ ሙዝ?"

"ደህና ነኝ። የታመመው ሙዙ ነው።"

"ሰው ምን ይላል?"

"የሚለውን እኔው እነግረዋለሁ፣ ለሚካኤል ዕለት። አንተ ቤት አይደል ተራው?"

ፊቱ ተለወጠ። ለካ ጠርጥሯል። የወደቀ ሙዝ እሱም ጓሮ አለ።

"እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ብትከፍት ማኅበሩ ያስወጣሃል።"

"ያስወጣኝ። ሚካኤልን ግን ከእኔ አያስወጣም።"

ሲሄድ የግቢዬን በር አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁትም።

ኅዳር 10

ንስሐ አባቴ አባ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጸሎት ሰጡኝ፣ ስግደት ሰጡኝ። ቀለል ብሎኝ ልነሳ ስል፦

"ለእኔ መንገርህ መልካም ነው ልጄ። ችግኙን ግን ለእኔ አልሰጠኸኝም።"

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ጥራጊ ተከምሮ ይነዳል፣ በሽታ ይውጣ እየተባለ። እኔ የደረቁ ጉቶዎቼን አወጣሁ። ውስጣቸው እርጥብ ኖሯል፣ አልነድ አሉ፣ ጭሳቸው መንገዱን ሞላው። የሚያልፈው ሁሉ እያሳለ "ምንድነው ካሱ?" ይለኛል። "የበለጥሽ ሙዝ" እላለሁ። ፀደይ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አላገዘችኝም፣ አላስቆመችኝም።

ነጠላዬን ሳልቀይር፣ ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ማኅበር ሄድኩ። ዳቦው ተቆረሰ። ተነሳሁ። ይፍሩ "ቆይ፣ ጸሎቱ..." አለ። "ጸሎቱ አልቋል" አልኩትና ተናገርኩ። ሙዛችሁን የሚጥለው ነፋስ አይደለም። ትሉ የወጣው ከእኔ ጓሮ ነው። ልጄ በትምህርቷ ደርሳበታለች፣ ለእኔ ብላ ደብቃለች፤ እሷን አትከልክሏት፣ እኔን ጠይቁኝ።

"ሳታውቅ ነው" አለ አንዱ፣ ሊያወጣኝ።

"እያወቅኩ ነው።" ቢላዋውንም ጭቃውንም አልተውኩም።

 ኦይታ እስከዚያ አቀርቅሮ ነበር፤ ጭቃው ላይ ስደርስ ቀና አለ። አየኝ። የዚያን ዓይን ነገር መጻፍ አልችልም።

ጽዋው ዞረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘለለኝና ቀጣዩ ሰው ተቀበለ። እጄን ዘርግቼ ነበር። አልሰበሰብኩትም። ልሰበስበው ነበር... አልሰበሰብኩትም። ዞሮ ኦይታ ጋ ደረሰ። ተጎነጨ፣ አፉን በእጁ ጠረገ፣ ተነስቶ መጥቶ ጽዋውን እጄ ላይ አኖረው።

"ጠጣ። ከነገ ወዲያ ጓሮዬን ትቆፍርልኛለህ።"

ድምፁ የይቅርታ አልነበረም። ጠጣሁ።

ኅዳር 14

ከኦይታ ጋር ቀኑን ሙሉ ቆፈርን። ሲያናግረኝ "አንተ ሽማግሌ፣ ጠለቅ አድርገው" ነው የሚለኝ። የበዛብኝ አይደለም። ፀደይ ጤነኛ የሚመስሉትን ችግኞች ነጩ እስኪታይ ልጣ በርሜል ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። "ሙዝ ስትቀቅል አየናት ደግሞ" አላት ኦይታ። "ፍየልህንም አግኝቼ ሳልቀቅላት ያንን ችግኝ አቀብለኝ" አለችው። ሳቀ። እኔን ሳያይ ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ። የታመመው አሮጌ ሥር በነበረበት ስኳር ድንች ይገባል፤ ሙዝ ዓመቱን ያርፋል።

እቤት ስንገባ ጽሑፏን አመጣች። በእንግሊዝኛ ነው፣ አንብባ ተረጎመችልኝ። "መነሻ፦ የካሱ ጓሮ፣ ላንቴ።" አንገቷ ቀጥ ብሎ ነበር። መደዳውም ቦታው አለ፣ መጀመሪያ ላይ። ለአለቃዋ ነገ ትሰጣለች፣ አንዱን ቅጂ ለመምህሯ።

"ከፋህ?" አለችኝ።

"ካሱ የሚለውን አስተካክለሽ ጽፈሽዋል?"

"አስተካክዬ።"

"እንግዲያው ምን ይከፋኛል።"

ኅዳር 16

ጾሙ ገብቷል። ከኪዳን ጸሎት መልስ ዶማዬን ይዤ ይፍሩ በር ሄድኩ። አንኳኳሁ። አልተከፈተም። አይሱዙው ግቢ ውስጥ ነው፣ እሱም አለ። ዶማዬን አጥሩ ላይ አስደግፌ መሬት ተቀመጥኩ። መንገደኛ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ዱሮ ቢሆን ጫማዬን የማስር እመስል ነበር።

ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ በሩ ገርበብ አለ። ሠራተኛው ነው፣ ውሃ በጣሳ ይዞ።

"ይፍሩ ምን አለህ?" አልኩት።

"'ውሃውን ስጠው፣ በሩን አትዝጋው' አሉኝ።"

እስከ ማታ ስለምጾም ውሃውን እጄን ታጠብኩበት። ገባሁ። ቆፈርኩ።