በሌለ ሮቦት ስለ ተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና

ለተከበሩ አቶ ሰይፉ
የሆስፒታላችን የጤና ትምህርትና የሕዝብ ግንኙነት ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት
ባሉበት

ኅዳር 2007 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ

የተከበሩ አቶ ሰይፉ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ ክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ራስዎን አይመምዎ፣ ወገብዎን አይቁረጥዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታመው ተኝተው ሲያበቁ እርስዎ ራስዎ ያዘጋጁትን በራሪ ወረቀት ይዘው ወደ ቤት ከመሄድ አላህ ይጠብቅዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን የምገልጽልዎም ባለፈው ጳጉሜ በሆስፒታልዎ ማህፀኔን በቀዶ ሕክምና ስላስወጣሁና በሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ላይ እንደ አንድ የተሳካ ውጤት ሊቆጥሩኝ ስለሚችሉ፣ ከቆጠሩኝ አይቀር ሙሉውን እንዲያውቁት ብዬ ነው። የሆስፒታሉን ስም ለክብሩ ስል አልጠራሁም፤ እዚያ የተኛ ያውቀዋል፣ ያልተኛም ባያውቀው ምንም አይቀርበትም።

ዘይባ ከድሮ እባላለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር የምኖር፣ በገበያ ቀን ቅቤ የምሸጥ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሆስፒታሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው፣ የአስተያየት መስጫው ሣጥን ቁልፉ ከጠፋ ወዲህ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት አስተያየት የለም ስላሉኝ ነው። የምጽፍበት ምክንያትም አንድና አንድ ነው። የአጎቴ ልጅ ፈቲሀ በመጪው ሰኞ ለዚያው ቀዶ ሕክምና በዚያው ክፍል ትተኛለች። ስትወጣ ያንን ወረቀት ከሰጣችኋት በሁለት ሳምንቷ ጀሪካን አዝላ ዳገት ትወጣለች፣ ስፌቷም ይፈታል። ይህ እንዳይሆን እርስዎን ከመለመን ሌላ የምችለው የለምና፣ እነሆ እለምናለሁ።

ላመሰግነው የሚገባኝን ግን ሳላመሰግን አልነሳም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስደማ፣ ከገበያ ስመለስ ሰው እንዳያይብኝ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ስሄድ ኖሬ፣ ዶክተር ቃለአብ የሚያደማኝን እጢ ከነቤቱ አውጥቶ ገላግሎኛል። ሲስተር መሰለችም እንደ እናት ልጅ አገላብጣ አስታማኛለች። ይህ ምስጋና ከአንጀቴ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምስጋና ግን የእርስዎ ነው።

ዶክተሩ ስወጣ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ፣ ለስምንት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ቆጮ እንዳልጨምቅ፣ እንሰት እንዳልፍቅ፣ ሳቅና ሳል ሲመጣብኝም ትራስ በሆዴ ላይ አቅፌ እንድይዝ ነገረኝ። ይህ በአፉ የነገረኝ ነው። በእጄ የተሰጠኝ ግን «በሮቦት የታገዘ የማህፀን ማስወጣት ቀዶ ሕክምና፦ ታካሚዎች ምን ሊጠብቁ ይገባል?» የሚል ባለቀለም ወረቀት ነበር። እርስዎ ለልምድ ልውውጥ ባሕር ማዶ ተሻግረው ይዘውት እንደመጡ፣ በትጋትም አስተርጉመው እንዳባዙት፣ ከዕቅድ የገባ ስለሆነም ከክፍሉ ለምትወጣ ሴት ሁሉ እንዲታደል እንዳዘዙ ሰማሁ። ሆስፒታሉ ሮቦት እንደሌለው እርስዎም እኔም እናውቃለን። እኔ በተኛሁበት ሰሞን ሮቦት ቀርቶ ውሃ የሚያወርድ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ አልነበረውም። ሆኖም ላልመጣ እንግዳ አስቀድሞ ማንጠፍ ያገራችን ወግ ነውና በዚህ አልቀየምዎትም።

የምቀየምዎት በሚከተሉት ነው።

አንደኛ፤ ስለ ቀዳዳዎቹ። ወረቀቱ ሆዴ ላይ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ አራት ወይም አምስት ቀዳዳዎች እንደማገኝ ቃል ገብቶልኛል። እኔ ያገኘሁት አንድ ነው። እሱም ከእምብርቴ ሥር ተነስቶ ወደ ሆሳዕና ከተማ እንደሚወስደው መንገድ ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። የቀሩትን ቀዳዳዎች በመስታወት ብፈልግ አጣኋቸው፤ ሥራው ሳያልቅ አስወጥተውኝ ይሆን፣ ተመልሼ ላስጨርስ ይሆን ብዬም አንድ ቀን ሙሉ ተጨነቅሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ትከሻዬ። ሆድ በአየር ተነፍቶ ስለሚሠራ በማግስቱ ትከሻ ላይ ሕመም ቢሰማዎት አይደንግጡ ይላል ወረቀቱ። የእኔን ሆድ ማንም አልነፋውም። የባሌ እናት ወይዘሮ አሚኔ ግን ወረቀቱን ለጎረቤት ተማሪ አስነብበው ሰምተው ስለነበር፣ በየማለዳው መጥተው ትከሻዬ ጀምሮኝ እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር። አልጀመረኝም ባልኳቸው ቁጥር ፊታቸው ሲጠቁር ባይ፣ ለወረቀቱ ክብር ስል የግራው ትንሽ ይወጋኛል አልኳቸውና አረፉ።

ሦስተኛ፤ ስለ ውሻው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ውሻዎን ይዘው አጠር ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ ተብዬ ተመክሬአለሁ። የእኛ ውሻ አጥር ሲጠብቅ ያደገ፣ ገመድ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ነው። ባሌ ሙከሚል ግን የመንግሥት ምክር አይናቅም ብሎ አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ ሊያስረክበኝ ሲል ውሻው በረገገና አጥር ዘሎ ሄደ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ወደ ስልጤ በሚወስደው መንገድ ላይ ገመዱን እየጎተተ ሲሮጥ ያዩት ሰዎች አሉ፤ አጭር የእግር ጉዞ ማለት ይህ ከሆነ ውሻው ከእኔ በተሻለ ተከታትሎታል።

አራተኛው ግን ሊያስገድለኝ የነበረው ነው። ወረቀቱ፣ አብዛኞቹ ታካሚዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ መደበኛ ሥራቸው ይመለሳሉ ይላል። የዚያ የወረቀቱ ሴት መደበኛ ሥራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ማንሳት መሰለኝ። የእኔ መደበኛ ሥራ ደግሞ ቆጮ ከጉድጓድ አውጥቶ መጭመቅና መክተፍ፣ ውሃ መቅዳት፣ ቤት መለቅለቅ ነው። ይህም ሁሉ የሚበዛው አረፋ ሲመጣ፣ አዲስ አበባ የገባው ዘመድ ሁሉ አገሩ ሲመለስ ነው። እንደ አጋጣሚ ሁለት ሳምንቴ ያለቀው አረፋ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ወይዘሮ አሚኔም መደቡ ላይ ተቀምጠው እኔን ማየት ጀመሩ።

ክፉ ሴት እንዳይመስሉዎት። እኔ ዶክተሩ ስምንት ብሎኛል ስላቸው፣ የዶክተር ቃል ነፋስ እንደሚወስደው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ክብ ማህተም እንዳለበት አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማህተሙ ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በዕድሜያቸው መሬት የሄደውም የመጣውም፣ ልጅ ታስሮ የተፈታውም ማህተም ባለበት ወረቀት ነው። ማህተም የሌለው ሰው ሲረታ አይተው አያውቁም። ስለዚህ የመንግሥት ማህተም ይዋሻል ወይ ብለው በሰው ፊት ጠየቁኝ። አቶ ሰይፉ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ፣ ያውም የቀበሌው ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ምን ይመልሱ ነበር? እኔም አይዋሽም አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የማህተም ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን እኔ ቅቤ ነጋዴዋም አላውቅም።

ያዳኑኝ የባሌ አባት አባ ሸረፋ ናቸው። ከመነሳቷ በፊት ያዳናት ሰው ይመስገን፣ ሳያመሰግኑ ሥራ መጀመር ነውር ነው አሉና፣ ሙከሚልን በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አስይዘው ወደ ሮቦቱ ላኩት። የበሩ ጥበቃ የሠራተኛውን ስም ከነአባቱ ጠየቀው። ሙከሚል ወረቀቱን ዘረጋ። ጥበቃው በደንብ አይቶ፣ እንዲህ የሚባል ሠራተኛ ሲገባም ሲወጣም አይቶ እንደማያውቅ፣ ምናልባት እንደ አለቆቹ ለልምድ ልውውጥ ሄዶ እንደሆነ ነገረው። በዚህ መሐል ዶክተር ቃለአብ በዚያ ሲያልፍ ነገሩን ሰማ። እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ የሠራሁት በእነዚህ ነው፣ ስምንት ሳምንቱ ሳይሞላ ጀሪካን ካነሳች ግን የምትመለሰው ተሸክማችኋት ነው አለው። ቅቤውን አልቀበልም ስላለ ሲስተር መሰለች ለተኙት ሴቶች ገንፎ አዋለችው።

ወይዘሮ አሚኔ አሁንም ማህተሙን አልለቀቁም። ነገሩ ጀፎረው ላይ፣ በየደጃችን ፊት በተዘረጋው ሰፊ መስክ፣ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን እንዲህ አበጠሩት፦ ሮቦት ሠርቷት ከሆነ ወረቀቱ የእሷ ነውና ሁለት ሳምንቷን ጨርሳለች፣ ትነሳ። ሰው ሠርቷት ከሆነ ግን ወረቀቱ የእሷ አይደለም፣ ትተኛ። ሮቦት መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በቀዳዳው ብዛት ነው። ይህን ወንድ ሊያይ ስለማይገባ የመንደሩ አሮጊቶች ምስክር ይሁኑ ተባለ።

የሆነውን ልንገርዎ። አሮጊቶቹ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ አንዷ የልጇን ሞባይል መብራት አበራች። ሆዴን ከበው እንደ ዕቃ ቆጣሪ ኮሚቴ ጎንበስ አሉ። አንዷ አንድ ስትል ሌላዋ ሁለት አለች፤ የቆጠረችው እምብርቴን ሆኖ ተገኘ፣ እምብርቷ ሮቦት የበሳው ነው እንዴ ተብላ ተሰደበች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ትራሴን አቅፌ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ዕንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። እውነቱን ልናገርና ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ለሞት የቀረብኩት ያኔ ነው። በመጨረሻ ወይዘሮ አሚኔ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አዩ። የስፌቱን ርዝመት በጣታቸው ሳይነኩት ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። መንደሩ ሁሉ ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ቀና ብለው ቀሚሴን አወረዱልኝና ይህን ተሸክማ ነው እንዴ ቆጮ ጭመቂ ስላት የነበረው አሉ፤ እኔም ያኔ አለቀስኩ።

ፍርዱ ጀፎረው ላይ ተሰጠ። አባ ሸረፋ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ ይህ ስለ ሌላ ሴት የተጻፈ ነው፣ ያቺ ሴት ትምጣና ትሥራ አሉ። ያቺ ሴት አልመጣችም። ወይዘሮ አሚኔ በእልህ ቆጮውን ጨመቁ፣ ሙከሚል የሰው ዓይን እያየው ውሃ ቀዳ፣ እኔም በዋዜማው፣ በሴቶች አረፋ፣ ጎመኑን፣ በማግስቱ ሥጋውን እንደ አራስ ተኝቼ በላሁ። ወረቀትዎ ባይኖር ይህ ሁሉ ፌሽታ አይደረግልኝም ነበርና በዚህ በኩል ባለውለታዬ ነዎት።

የተከበሩ አቶ ሰይፉ፣ ፈቲሀ ግን አባ ሸረፋ የሏትም። ያገባችው ከጉንችሬ ወዲያ ነው። ባሏ አዲስ አበባ ይነግዳል፣ የባሏ እናት ጉልበታቸው ተይዟል፣ ልጆቿ ትንንሽ ናቸው። ወረቀቱ በሁለት ሳምንት ተነሺ ካላት የሚከራከርላት፣ ቀዳዳ የሚቆጥርላት ሰው የለም። እሷም ብትሆን ማህተም ፈሪ ናት፤ ትነሳለች። ይህን ሳስበው ሳቄ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ወይ ሮቦቱን እስከ ሰኞ ያስመጡልን፤ ይህ ካልተመቸዎት ወረቀቱን ይሰብስቡት፤ መሰብሰቡ ዕቅድዎን የሚያፋልስ ከሆነ ደግሞ ከዚያው ማህተም በላይ «በሰው እጅ የተሠራች ሴት ስምንት ሳምንት ትረፍ» የምትል አንዲት መስመር ይጨምሩበት። መስመሯን ማስተርጎም አያስፈልግም፣ በአማርኛ ጽፌልዎታለሁ።

ሥልጠናው፣ ጉብኝቱና ግምገማው ፋታ ሰጥቶዎት ይህችን ለማንበብ ቢበቁ እጅግ እደሰታለሁ፤ ባይበቁም ከሰሌዳው ሥር ቆሞ የሚያነብልዎ ሕዝብ አይጠፋም። ዕድሜና ጤና፣ ሹመትና ዕድገት፣ ከሁሉም በላይ ማስተዋልን እየተመኘሁልዎት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ቀዳዳ ብቻ ያላት ታካሚዎ
ዘይባ ከድሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከመለጠፌ በፊት በአካል ልሰጥዎ ቢሮዎ ብመላለስ፣ የታካሚ እርካታን የሚመለከት ዐውደ ጥናት ላይ ሐዋሳ ነዎት ተባልኩ። ሰኞም አለፈ። ፈቲሀ በሰላም ተሠርታ ዛሬ ወጣች፣ ወረቀቱም በእጇ ተሰጣት። ጉንችሬ ግን አልሄደችም። ባለቤትዎ ወይዘሮ ዮርዳኖስ የቆየች የቅቤ ደንበኛዬ ስለሆነች ደብዳቤዬን አንብባ፣ የእንግዳ ክፍላችሁን አንጥፋ አስተኛቻት፤ ስምንት ሳምንትም እዚያው ትከርማለች። ሌሊት ሌሊት የእኛ መንደር ሴቶች በተራ እናድራለን። ቀን ግን ወይዘሮ ዮርዳኖስ ማስተማር ስላለባት፣ ሾርባዋን አሙቀው በር ላይ የሚያደርሱላት እርስዎ ነዎት። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያዎን ባለቤትዎ ጽፋ ጠረጴዛዎ ላይ አኑራልዎታለችና፣ ከሐዋሳ እንደገቡ ይፈርሙበት።