ሲስተር ሶስና ገብረወልድና ሞክሼያቸው

ሲስተር ሶስና ገብረወልድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ አሰፌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈለቀች ጎሹ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እናታቸው ነፍሰ ጡር ሳሉ አባታቸው ባልሠሩት ወንጀል ታስረው ከረሙ። ዳኛው ሁለቱን ምስክሮች ለየብቻ አቁመው ሲጠይቋቸው ቃላቸው ሳይገጥም ቀረ፤ አቶ ገብረወልድም በነፃ ተለቀቁ። ወዲያው ሴት ልጅ ተወለደች። በመጽሐፍ የምትነገረው ሶስና ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት መስክረውባት ምስክሮቹ ተለይተው ሲጠየቁ ከሞት የዳነች ሴት ናትና፣ አባት ሌላ ስም አላማራቸውም። በክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ተባሉ።

ሲስተር ሶስና ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጎባ ተከታትለው በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ለነርስነት ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እዚያ ከነበሩት መምህራን አንዷ የውጭ አገር ሰው ስለነበሩ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሱዛን» ብለው ጠሯቸው። ሲስተር ሶስና ስሜን አጣመሙብኝ ብለው ቅር ተሰኝተው ነበር። መምህሯ ግን ስሙ ያው አንድ ስም መሆኑን፣ በዕብራይስጥ ሾሻና እንደሚባልና ትርጉሙም አበባ እንደሆነ ነገሯቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲስተር ሶስና ስማቸውን ከእስርና ከምስክር ጋር እንጂ ከአበባ ጋር አያይዘውት አያውቁም ነበር።

በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው ጊኒር ተመደቡ። ቤት ያከራዩአቸው ወይዘሮ ቀመር የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴ ስማቸውን ሲሰሙ ሳቁ። «ይሄማ የኛ ስም ነው! እኛ ሰውሰን እንላለን» አሏቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ ሰውሰን፣ በሥራ ቦታ ሲስተር፣ ከገጠር ለሚመጡ ወላዶች ደግሞ አዴ ሶሲና ሆኑ። ለሁሉም «አቤት» ይሉ ነበር።

በ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. በሮቤ የቋንቋ መምህር ከነበሩት ከአቶ ወንዶሰን ደምስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ወንዶሰን ከጎንደር በሥራ የመጡ፣ የቃላትን ዘር መቁጠር የሚወዱ ሰው ነበሩ። የባለቤታቸው ስም ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ተሻግሮ ሱሳና፣ ወደ ግዕዝ ገብቶ ሶስና እንደሆነ፣ አርመኖች ሹሻን፣ ጣልያኖች ሱዛና እንደሚሉ፣ አንዳንድ ሊቃውንትም ሥሩን በጥንት ግብፅ ከሚበቅል የውሃ አበባ እንደሚያደርሱት ለእንግዳ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ሲስተር ሶስና በዚህ ጊዜ «እራቱ ቀዘቀዘ» ማለት ያዘወትሩ እንደነበር የቤተሰቡ ወዳጆች ያስታውሳሉ።

በ፲፱፻፹፬ ዓ.ም. ወደ አንገቱ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ልጃቸው ሚኪያስ ተወለደ። ባለቤታቸው ሮቤ፣ እሳቸው ከሳነቴ ተራራ ወዲያ ማዶ ሐረና ደን ውስጥ ሆነው ሕፃኑን እያጠቡ ይሠሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ዙሀይራ የምትባል የሩቅ መንደር ወጣት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ መጣች። ባሏ አቶ ቦሩና አማቷ ወይዘሮ ዳቢሴ አብረዋት ነበሩ። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ወደ ጎባ ሊወስዷት መኪና ተገኘ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ግን መኪናው ደኑ መሐል ጭቃ ያዘው። ሲስተር ሶስና እጃቸው ላይ ያለውን ሁሉ አደረጉ። ዙሀይራ ቀትር ላይ እዚያው አረፈች።

ሕፃኗ ታለቅስ ጀመር። ሲስተር ሶስና ማንም ሳይጠይቃቸው ተቀብለው ጡታቸውን ሰጧት። ወይዘሮ ዳቢሴ ምራታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዞር ሲሉ ይህን አዩ።

«ጡትሽን ጠባች» አሉ። «ከእንግዲህ እናቷ አንቺ ነሽ። በእኛም በእናንተም እንዲሁ ነው።»

በሰባተኛው ቀን ስም ለማውጣት ተሰበሰቡ። አቶ ቦሩ የሟቿን ስም ሊሰጧት ፈለጉ። እናታቸው «በጠራናት ቁጥር ልናለቅስ ነው?» ብለው ከለከሏቸው።

«እንግዲያው የእርስዎ ስም ይሁንላት» አሉ አቶ ቦሩ ወደ ሲስተር ሶስና ዞረው።

«የኔ የክርስቲያን ስም ነው፤ መንደሩ ምን ይላችኋል?» አሉ ሲስተር ሶስና። ጥቂት አሰቡና «ሰውሰን በሏት። ያው ነው» አሉ።

ሰውሰን ተባለች። አቶ ቦሩ እስክትጠነክር አደራ ብለው ሰጧቸውና ከብት ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ።

ወሬው ጎባ በደረሰ ጊዜ ወይዘሮ ፈለቀች ልጃቸው ዘንድ መጡ። ሁለቱን ሕፃናት ግራና ቀኝ ታቅፈው ካጫወቱ በኋላ «ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና እናንሳት» አሉ። «ስሟ እንደሆን ሶስና ማለት ነው፤ ማን ያውቅብናል?»

«እማዬ፣ አባቷ በሕይወት አለ። ልጁን እንጂ ሃይማኖቷን አልሰጠኝም።»

«አንቺ ያጠባሻት ልጅ እንዴት ሳትጠመቅ ትቀራለች?»

«ጡቴንም በዋጋ አልሰጠኋት።»

ወይዘሮ ፈለቀች ተቆጥተው በማግስቱ ተመለሱ፤ ለፋሲካም አልመጡም። በሚቀጥለው ክረምት ግን ሁለት አንድ ዓይነት የሱፍ ሹራቦች ሠርተው ላኩ። ነገሩ ዳግመኛ አልተነሣም።

አቶ ቦሩ በዓመቱ እመለሳለሁ ብለው ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም ተገባደደ። ሞተዋል የሚል ወሬም ተሰማ። ሰውሰን አፏን ፈታ «እማ» የምትለው ሲስተር ሶስናን፣ የምትደባደበው ከሚኪያስ ጋር ሆነ። አቶ ወንዶሰን ለእረፍት በመጡ ቁጥር ሁለቱን በሁለት ትከሻቸው ይሸከሙ ነበር። ሲስተር ሶስና በእነዚያ ወራት ልባቸው መከፈሉን፣ የልጅቷ አባት በሕይወት እንዲገኝ እየጸለዩ የበር መንኳኳት ግን ያስደነግጣቸው እንደነበር ኋላ ለእኅታቸው ለወይዘሮ ስመኝ ነግረዋቸዋል።

በጥቅምት ፲፱፻፹፰ ዓ.ም. አቶ ቦሩ መጡ። ሌላ ሚስት አግብተው፣ ቤት ሠርተው ነበር። «ቤት ሳይኖረኝ ልወስዳት አፍሬ ነው የቆየሁት» አሉ። ልጅቷ አላወቀቻቸውም፤ ከሲስተር ሶስና ቀሚስ ኋላ ተደበቀች።

አቶ ወንዶሰን ባለቤታቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው «አንሰጥም። ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ማን ይነጥቀናል?» አሏቸው።

«እሱ አይደለም የሚነጥቀው» አሉ ሲስተር ሶስና። «ከያዝናት ነጣቂዎቹ እኛ ነን።»

ወጥተውም ለአባትየው ስለ ልጅቷ ነገሯቸው፤ ጎመን እንደማትወድ፣ ነጎድጓድ ስትሰማ ጆሯን እንደሚያማት ሁሉ እንደምታለቅስ፣ ስትተኛ የሰው እጅ መያዝ እንደምትፈልግ። ራሳቸው በቅሎው ላይ አስቀመጧት። እስከ ወንዙ ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ ሚኪያስ «ሰውሰን የት አለች?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት ዝውውር ጠይቀው ወደ ሮቤ መጡ።

ከዚያ በኋላ በሮቤና በአካባቢው ለሃያ ሰባት ዓመታት አገልግለዋል። ከጎባ እስከ ገሰራ ያዋለዷቸው ብዙ እናቶች ለሴት ልጆቻቸው ስማቸውን ሰጥተዋል። እኩሌቶቹ ሶስና፣ እኩሌቶቹ ሰውሰን ናቸው፤ ሱዚ የተባሉም አልጠፉም። ሲስተር ሶስና በዚህ ሲመሰገኑ ፈገግ ይሉ ነበር።

በ፳፻ ዓ.ም. መስከረም ሰውሰን በአባቷ ፈቃድ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ሮቤ መጣች። የአሥራ አራት ዓመት ወጣት ነበረች። ሲስተር ሶስና በሩን ከፍተው ቆሙ፤ ማን እንደሆነች መናገር አላስፈለጋትም። ለምዝገባ ይዘዋት ሲሄዱ መዝጋቢው «ሶስና ወንዶሰን ብዬ ልጻፋት? ሰውሰንና ሶስና አንድ አይደሉም እንዴ?» አላቸው።

«አንድ ናቸው። እሷ ግን ሰውሰን ቦሩ ናት» አሉት።

ለስግደቷ አንዱን ክፍል ለቀቁላት። በረመዳን እሳቸው ያስፈጥሯታል፤ በሁዳዴ እሷ ሽሮውን ትሠራላቸዋለች። አቶ ወንዶሰን በ፳፻፭ ዓ.ም. ሲያርፉ ሐዘንተኛውን ቤት ያስተዳደረችው እሷ ነበረች። ሮቤ ባለው ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመረቀች፤ አሁን በጊኒር የፋርማሲ ባለሙያ ናት።

ሲስተር ሶስና በ፳፻፲፮ ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ የጉበት ሕመም አገኛቸው። በአገር ውስጥ የሚቻለው ሕክምና ሁሉ ተደረገላቸው። ሰውሰን ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ሚኪያስም ከሐዋሳ መጥቶ በየተራ አስታመሟቸው። የካቲት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ቀብራቸው በሮቤ ከባለቤታቸው መቃብር አጠገብ ይፈጸማል። አቶ ቦሩ በእርጅና አቅማቸው ሳነቴን አቋርጠው መጥተው ከሐዘንተኞች መካከል ተቀምጠዋል።

ቤተሰቡ ይህን የሕይወት ታሪክ ለማዘጋጀት በተሰበሰበ ጊዜ ሰውሰንን እንዴት ብለን እንጥቀሳት የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከዘመዶች አንዱ «ያሳደጓት» ይባል አለ፤ ሌላው «የጡት ልጃቸው» አለ። እሷ አንገቷን ደፍታ «እንደ መሰላችሁ» አለች። ሚኪያስ ግን «እናቴ ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት ምን ትል ነበር?» ብሎ ጠየቀ። የሚያውቁት ሁሉ «ሁለት» አሉ። እንዲህ ተብሎም ተጻፈ፦

ሲስተር ሶስና ገብረወልድ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

በብዙ ቤት የመጀመሪያውን የልጅ ለቅሶ ተቀብለው ያረጋጉ እጆቻቸውን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለልጆቻቸው ለሚኪያስና ለሰውሰን፣ ለእኅታቸው ለወይዘሮ ስመኝ፣ ለወዳጆቻቸውም ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።