የፊት ጎማው ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ሸምሴ

ሸምሴ፣ የልጄ አባት፣ የአላህ እዝነት አይለይህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ቡታጅራ እንደተውካት አይደለችም፤ ባጃጁ በዝቷል፣ ኮብልስቶኑም እስከ በራችን ደርሷል። ፈቲያ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ስትናደድ ቅንድቧን እንዳንተ ትሰበስባለች፤ ልቆጣት እጀምርና ቁጣዬን ረስቼ አያታለሁ።

ሚኒባሷን አልሸጥኳትም። ሰው ሁሉ «ሴት ብቻዋን መኪና ምን ያደርግላታል?» ቢልም እንቢ አልኩ። የሚነዳት የእህትህ ልጅ ከማል ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ይቸኩላል።

ባለፈው የገበያ ቀን እኔም ተሳፍሬ ነበር፣ ካንተ ጎን እቀመጥባት በነበረችው ወንበር። ከከተማ ወጥተን ጉድጓዱ ሲጀምር ከፊት በቀኝ በኩል «ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ሄደን ደገመ።

«ከማል፣ አቁም» አልኩት።

«አክስቴ፣ መንገዱ ነው እኮ! መኪናዋ ምንም አልሆነችም።»

«አቁም ብዬሃለሁ!»

ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «ገበያው ሊበተን ነው» አሉ። እኔ ግን ያን እሁድ ግቢያችን ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንስተህ ያሳየኸኝ ትዝ ብሎኝ ነበር። ጎማውን ላይና ታች ይዘሽ ነቅንቂው፣ ከተላወሰ ቦል ጆይንቱ ወይም ኩሽኔታው ነው፤ ግራና ቀኝ ከተላወሰ ግን ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ጫፉ ላልቷል አልከኝ። ቦል ጆይንት ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ክንዴን ያዝክና ከትከሻዬ ቀስ አድርገህ አዞርከው። ኳሷ ጎድጓዳው ውስጥ ተቀምጣ እንዲህ ትዞራለች፤ ጎማው ሲነሳና ሲወርድም፣ መሪው ሲዞርም ይዛ የምታቆየው እሷ ናት፤ ቤቷ ከሰፋ ትወልቃለች አልከኝ። እጅህ ግራሶ ስለነበር ቀሚሴን አቆሸሽክብኝ ብዬ ተቆጣሁህ። ያን የጣትህን ምልክት በሦስት ውሃ አጥቤ አስለቀቅኩት፣ ሸምሴ። ምነው እጄን በያዘኝ!

ከማል መኪናዋን በክሪክ አነሳት። ጎማውን ላይና ታች ይዤ ነቀነቅኩት፤ ተላወሰ። ተሳፋሪውን በሌላ መኪና ሸኝተን መካኒክ አስጠራን። ፈትቶ ሲያሳየን ኳሷ ከቤቷ ልትወጣ ትንሽ ነበር የቀራት።

«ትንሽ ጨምራችሁ ብትነዱ ኖሮ ጎማው ይታጠፍና መሪው አይታዘዛችሁም ነበር» አለ መካኒኩ።

ከማል መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። «አክስቴ፣ ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ማን እንደሆነ እያወቀ ነው የጠየቀኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ «ሸምሴ፣ ዛሬ ምን እንደሠራሁ ብታይ!» ብዬ እንደ ድሮው ተጣራሁ። ፈቲያ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ አጠገቤ አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ እሁዷም ጭምር። አንተ ካለፍክ ወዲህ ስላንተ ሳወራላት የመጀመሪያዬ ነበር። እንዳላስለቅሳት ብዬ ስምህን ስደብቅባት ነው የኖርኩት። እሷ ግን ሳቀች፣ «ደግሞ ሌላ ንገሪኝ» አለች።

ከእንግዲህ አልደብቅህም። እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ቤት ስምህ ይጠራል።

ያንተው ዘይነባ