ሁለተኛው ሩብ ዙር

ቢቸና፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለክርስትና አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ነው? አሁንም ጋራዡ ውስጥ ጆንያ አንጥፈው መኪና ሥር የሚተኙ ከሆነ የክርስትና እናቴ ይቆጡልኝ። ስለ ራሴ ደኅና ነኝ ብዬ ለመጻፍ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። አካሌ ደኅና ነው። የቀረው ሁሉ አስጠልቶኛል።

ስለ ፒካፑ ባለፈው ጽፌልዎ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከቢቸና እስከ ሞጣ ለገበሬው ዘር የሚያመላልሰው በእሱ ነው። ተሳቢ ሲጎትት ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ናፍጣውን ይጨርሰው ነበር። እንዳስተማሩኝ ፊልትሮውን አጠብኩ፤ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አጸዳሁ፤ የተሳቢውን ጭነት ከኋላ ወደ መካከል አዛወርኩ፤ ጎማዎቹን አስነፋሁ። በመጨረሻም እርስዎ በሰጡኝ ካቻቢቴ ወደ ሞተሩ የሚገባው ናፍጣ እንዲቀንስ የፓምፑን ብሎን ሩብ ዙር አጠበቅኩና ከግንደወይን ወዲህ ባለው ዳገት ከነጭነቱ ሞከርኩት። ጭሱ ሳሳ፤ ጉልበቱ አልጎደለም። ሦስት ጊዜ ብቻ ያመላልሰን የነበረው በርሜል አራት ጊዜ አመላለሰን። የዚያን ቀን ደስታዬን አይጠይቁኝ።

ደስታዬን ያበላሸው አለቃዬ አቶ ወልደ ኪዳን ነው። በሠራተኛው ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝና በተረፈው ናፍጣ ለሚሠራው ቤት ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ማስጎተት ጀመረ። ገበሬው ዘር እየጠበቀ እኔ ያተረፍኩት ናፍጣ የእሱን ጣሪያ ሊያለብስ! ብናገረው አንተ ብሎንህን አጥብቅ አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለም ይስቃል። ሲስቅ የሚታየው ድዱ ሳይቀር አስጠላኝ። ጸየፍኩት፣ የክርስትና አባቴ።

አንድ ማለዳ ማንም ሳያየኝ ኮፈኑን ከፈትኩና ያንኑ ብሎን እንደገና ሩብ ዙር አጠበቅኩት። የመጀመሪያው ሩብ ዙር ሙያ ነበር፤ ይህኛው ቂም ነው። መኪናው ለብቻው ይሄዳል፣ የተጫነ ተሳቢ ግን ዳገት አያወጣም፣ ቆርቆሮውም እዚያው ይቀራል ብዬ ነው። ግቢው ሜዳ ላይ አንዴ አዞርኩትና ሄደልኝ፤ በቃኝ። ሞተር የሚፈተነው በዳገት ነው እያሉ ስንት ዓመት የጮኹብኝን ረሳሁት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ስለ ቂም ይዞ መካኒክነት ግን የሚመክረኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

በማግስቱ አቶ ወልደ ኪዳን ከሹፌሩ ከዳምጤ ጋር ቆርቆሮ ሊያስጭን ሞጣ ሄደ። ሞጣ ውስጥ ከሊፋ የሚባሉ አቡጀዲ ነጋዴ አሉ። ለሥራ በሄድኩ ቁጥር የሚያሳርፉኝ፣ እስላም ሲሆኑ ጾሜን ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሱልኝ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሳብሪያ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ኖሯል። ሌላ መኪና አልነበረምና ከሊፋ ቢቸና ወዳለው ሐኪም እንዲያደርሱላቸው እነ አቶ ወልደ ኪዳንን ለመኑ። አባትና ልጅ ተጫኑ።

ሲመለሱ ያው የግንደወይን ዳገት ላይ መኪናው ቆመ። ዳምጤ እንደነገረኝ አቶ ወልደ ኪዳን ወርደው ተሳቢውን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ቆርቆሯቸውን መንገድ ዳር ጥለው ንዳው አሉት። አልሄደም። ኮታቸውን አውልቀው በትከሻቸው ገፉ። አልሄደም። እኔን እንዲያመጣ በበቅሎ ሰው ላኩ።

ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ሳብሪያም ተሸፍናለች። ካቻቢቴውን አውጥቼ ብሎኑን ወደ ቦታው መለስኩት። አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። ሞተሩ እንደ ጥንቱ ተነሣ፤ ሬሳዋን ወደ ሞጣ ለመመለስም ዞረ። ከሊፋ ናፍጣ የነካ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ልጄን ለአገሯ አፈር አበቃህልኝ፣ አላህ ይህን እጅ ይባርከው አሉኝ። አቶ ወልደ ኪዳን ትከሻቸው ተልጦ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እጄን በእንዶድ አሸዋለሁ። እህልም በግራዬ መቁረስ ጀምሬአለሁ። የንስሐ አባቴ ዘንድም ሄጄ ነበር። መኪና ተበላሽቶብኝ ሰው ሞተ አልኳቸው፤ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው አጽናኑኝ። ፓምፕ ምን እንደሆነ አያውቁማ! እርስዎ ግን ሩብ ዙር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የጻፍኩልዎም ስለዚህ ነው።

ካቻቢቴውን በደብዳቤው አምጪ እጅ ሰድጄዋለሁ። ለሌላ ተማሪ ይስጡት፤ የማን እንደነበረ አይንገሩት።

ከሊፋ ደግሞ ትናንት ሰው ልከውብኛል። ዐቢይ ጾም ገብቷልና የጾም ምግብ አዘጋጅተንልሃል፣ በሞጣ ስታልፍ ቤታችንን እንዳትዘል ብለዋል። መልእክተኛው መልስ ይጠብቃል። ምን ልበላቸው?

እግዚአብሔር ለእርስዎ ጤና፣ ለክርስትና እናቴ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔን ይመርቁኝ ብዬ ለመለመን አፍ የለኝም።

የክርስትና ልጅዎ