የሹፌሩ ኩባያ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የባለቤትሽስ ወገብ ተሻለው? እኔ ትንኙ ቢያሰቃየኝም ደህና ነኝ፤ ብስክሌቷም እንደ እኔ እያቃሰተች ትሄዳለች።

ወደ ሰሜን መጓዝ ከጀመርኩ ሃያ ቀን ሆነኝ። እዚህ ጥድና ሐይቅ እንጂ ሰው የለም። ድንኳን ስተክል እንኳን "እንግዲህ ደረስን" የምለው ለብስክሌቷ ነው።

ትናንት ግንድ የጫነ መኪና አጠገቤ ቆመ። ለሹፌሩ እጄን ዘርግቼ ስሜን ስነግረው ሳቀ።

"ጋሼ፣ ከትናንት ወዲያ እኮ ተዋውቀናል፤ ሻይም አብረን ጠጥተናል። ደግሞ ወደ ሰሜን ነው የምሄደው አላሉኝም? ይሄ እኮ የመጡበት መንገድ ነው።"

ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼበት ይሆናል ብዬ ስቄ አለፍኩ። ምሳ ልበላ ሻንጣዬን ስከፍት ግን የማላውቀው የቆርቆሮ ኩባያ አገኘሁ፤ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ተጭሮበታል። ብስክሌቷን አዙሬ መንገዴን ቀጠልኩ።

እንዲያው ለወሬ ያህል ልጠይቅሽ፤ አባባ የሰው ጫማ አድርጎ ቤት የመጣ ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር? መልሱን በቀጣዩ ከተማ ፖስታ ቤት በኩል ላኪልኝ።

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ስትጽፊም ስማቸውን ከትልቁ እስከ ትንሿ አስፍሪልኝ፤ ማንበቡ ደስ ይለኛል።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ