እናትህ የሠሩልህ ሹራብ

ደሬ ሆዴ፣

ያን ቅዳሜ ለምሳ እደርሳለሁ ብለህ እዚህ ኦስሎ፣ ሮመን ካለው ቤታችን ከወጣህ ዓመት ሊሞላ ነው። ያን ምሳ ማን እንደበላው እንኳ አላስታውስም።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ ውሸት ይሆናል። የሳራ የፊት ጥርሶች ወልቀዋል። ባርነሃገው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ አውሮፕላን ሣሉ ሲባሉ፣ ልጅህ ላም ሥላ መጣች። እኔ አሁንም የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ፈታተህ የተውከው ሬዲዮ መስኮቱ ሥር እንደተበተነ ነው፤ ማን ይገጥመዋል?

ደብረ ዘይት ዕድሜህን የሰው አውሮፕላን ስትጠግን ኖረህ፣ እዚህ አውቶቡስ እያጠብክ መብረር ልማር አልክ። ማታ ደብተርህን ስትዘረጋ “ተማሪው መጣ” እያልኩ ስንት ቀልጄብሃለሁ! ውስጤ ግን ይፈራ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

የበረራ አስተማሪህ በክራንች ተደግፎ ለቅሶ መጣ። እንደ አገሩ ሰው አበባ ሰጥቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ከወንዶቹ መሀል ተቀምጦ እስኪመሽ ቆየ። ሁሉንም ነገረኝ። ሞተሩ ከጫካው በላይ ድንገት ጸጥ ማለቱን፣ እህሉ የታጨደበትን ማሳ ቀድመህ ያየኸው አንተ መሆንህን፣ መሬት ከነካችሁ በኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ መገልበጣችሁን። እግሩ ተሰብሮ ስለነበር አንተ ጎትተህ አወጣኸው። ሲንቀጠቀጥ ስታየው እናትህ ሠርተው የላኩልህን ቡናማ ሹራብ አውልቀህ አለበስከው። እኔ ደህና ነኝ ብለህ አጠገቡ ተቀመጥክ፤ ከዚያ አልተነሣህም። ለካ ደምህ ወደ ውስጥ ይፈስስ ነበር።

ሹራቡን አጥቦ፣ አጣጥፎ አመጣልኝ። ምስኪን፣ ደግ ያደረገ መስሎታል። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ጠረንህን አጥቦብኛል።

እዚሁ ኦስሎ ቀበርንህ። ለእናትህ ግን አልተነገራቸውም። መርዶ በስልክ አይነገርም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አዲስ አበባ ያሉ የእምነት ወንድሞች ያርዷቸው ሲሉኝ፣ ሄጄ ራሴ አቅፌ ነው የምነግራቸው ብዬ እምቢ አልኩ። የጉዞ ወረቀቴ እስኪያልቅ ወራት አለፉ። በደወልኩ ቁጥር ልጄን አቅርቢልኝ ይሉኝ ነበር። ሥራ ላይ ነው እላለሁ፤ ትምህርት ላይ ነው እላለሁ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፣ ሳራ እንዳትሰማኝ ውሃውን ከፍቼ።

ባለፈው እሑድ ልመጣ መሆኑን ልነግራቸው ደወልኩ። ስለ አንተ አንዲት ቃል አልጠየቁኝም። ሊዘጉ ሲሉ ብቻ፣ ቀስ ብለው፣ ስትመጪ ያን የሠራሁለትን ሹራብ ይዘሽልኝ ነይ፣ ልጄ፣ አሉኝ።

ብርዱ በገባበት በዚህ ሰሞን፣ በሕይወት ላለ ልጇ የላከችውን ሹራብ መልሱልኝ የምትል እናት የለችም። ለካ እኔ ለእሳቸው ስሳሳ፣ እሳቸውም ለእኔ ሲሳሱ ኖረዋል።

ደሬ፣ አውሮፕላን እንዴት አድርጌ እንደምሳፈር አላውቅም። ግን እሄዳለሁ። ማሳውን እንዴት እንዳገኘኸው፣ ሰውየውን እንዴት እንዳወጣኸው አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ፤ ሳራም ስታድግ ከእኔው አፍ ትሰማዋለች። ብረሳህ ቀኜ ትርሳኝ። ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ አልከተውም፣ ለብሼው ነው የምሄደው። እናትህ ሲያቅፉኝ መጀመሪያ የሚነኩት እሱን ይሁን።

ያንተው አስቴር