ስሙን የማልጠራው ሰው ሳል

ሐምሌ 7
ዝናብ። የቤታችን ጎሽ ዛሬም ወተት ቀንሳለች።

የዛሬው ቃል «ሀርት»። የመምህርነት ፈተና የሚያስጠናን ሰውዬ በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ በስልክ ይልካል። ትርጉሙን ጽፎ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሠርቶ መመለስ ነው። በእኛ ሂንዲ «ቾት ፓሁንቻና»... ጉዳት ማድረስ። «ድንጋይ እግሬን ጎዳኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ጫማው ጎዳኝ»። ሦስተኛው አልመጣልኝም።

ዲዲን ጠየቅኳት። የባሌ ታላቅ ወንድም ሚስት ናት፤ ዲዲ የምላት እንደ ታላቅ እህቴ ስለሆነች ነው። ሊጥ እያቦካች ሳቀች።

«ምሳሌ ጠፍቶሽ ነው ኒሩ? እኔን ጻፊኝ!»

«ዲዲ፣ እንዲህ አይቀለድም።»

«ታዲያ በገዛ ቆዳዬ እኔ ካልቀለድኩ ማን ይቀልድ?» ከዚያ ቃሉን ሞከረችው። «ሀርት... ሀርት... በልቶ የጠገበ ሰው ሲያገሳ ይመስላል!»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከበሩ ሳል ተሰማ። እኔ መሸፈኛዬን እስከ አገጬ ጎተትኩ፤ ዲዲ ወደ ሊጧ አጎነበሰች። ታላቅየው ናቸው፤ የዲዲ ባል። ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። የታናሽ ወንድም ሚስት ደግሞ ስማቸውን አትጠራ፣ ፊቷን አታሳይ፣ እሳቸው ፊት ቃል አይወጣት። ሦስት ዓመት አንድ ቤት ኖረን የማውቃቸው በሳላቸውና በጫማቸው ነው።

ሐምሌ 19
ትናንት ማታ በግድግዳው በኩል የዲዲ ድምፅ... እንደገና።

ዛሬ ዲዲ ሻይ ያፈላችው በግራ እጇ ነው። አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ? ሱራት ከተማ ለሚሠራው ባሌ ደወልኩ። ፋብሪካው ይጮኻል። «የሰው ትዳር ውስጥ አትግቢ። ሆድ ይፍጀው» አለኝ። የማንን ሆድ? የእሱን አይደለም መቼም።

ነሐሴ 12
የራኪ በዓል፤ እህት ወንድሟ እንዲጠብቃት ክር የምታስርበት ቀን። የዲዲ ወንድም መጣ። ክሩን አንጓው ላይ አሰረችለት፣ ጣፋጭ አጎረሰችው። ስትሸኘው በሩ ጋ «ይዘኸኝ ሂድ» ስትለው ሰማሁ።

«ቤትሽ እዚህ ነው እህቴ። ትንሽ ቻይው።»

ጣፋጩን እያኘከ ሄደ። ጠላሁት።

ነሐሴ 21
ጓዳውን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጎሿ የወተቱን ባልዲ ረግጣ ደፋችው። ይኸው ነው በቃ። ወተት ፈሰሰ። ታላቅየው የበሩን መቀርቀሪያ እንጨት አነሳ። አማጂ፣ አማቴ ማለቴ ነው፣ ቤተ መቅደስ ሄደው ነበር። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አንዴ የዲዲን እጅ። አንዴ መንጋጋዋን። ድምፁ... አልጽፈውም። ከእንግዲህ አንቱ ማለትም አቃተኝ።

ለምን አልጮኽኩም? እሱ ባለበት ድምፅ አውጥቼ አላውቅማ!

የዛሬው ቃል መጥቷል። ስልኩን አልከፈትኩትም።

ነሐሴ 22
ባሊያ ከተማ፣ ሆስፒታል። የዲዲን መንጋጋ በሽቦ አስረውታል። መናገር አትችልም። በሴቶች ክፍል አስታማሚዋ ሴት መሆን አለባት፤ አማጂን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የመጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ይሄ መውደቅ አይደለም» ብሎ ፖሊስ አስጠርቷል። ነገ ይመጣል። ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ።

አማጂ ደወሉ፤ አፋቸው ማር። «አይዞሽ ልጄ፣ ግቢው አንሸራትቷት ነው። አንቺ ምንም መናገር የለብሽም። እሱ አልጋው ጋ ይቆማል።»

ገባኝ። እሱ ከቆመ እኔ ዲዳ ነኝ።

ብናገር ቤት የለኝም። ዝም ብል ዲዲ ወደዚያው መቀርቀሪያ ትመለሳለች። አምላኬ፣ ምን ይሻለኛል?

ነሐሴ 23
ተናገርኩ።

ሳለና ገባ። ከአልጋው ግርጌ ቆመ። ጫማውን አየሁ። ፖሊሱ ሸምገል ያለ ነው፣ ጥርሱ ከሚያኝከው ቅጠል የቀላ።

«አንቺ ልጅ፣ ወድቃ ነው?»

መሸፈኛዬን ወደ ታች ጎተትኩ።

«ዲዳ ናት እንዴ?»

«የለም ጌታዬ፣ ጨዋ ናት። እኔ ፊት አትናገርም» አለ እሱ። ኮራ ብሎ!

ዲዲ በደህና እጇ ቀሚሴን ጨበጠች። ተናገሪ ማለቷ ነው ወይስ ተዪው? እስካሁን አላውቅም።

መሸፈኛዬን ወደ ኋላ ጣልኩት። ፊቴን አየ። እኔም የእሱን አየሁ። ተራ ፊት ነው... ዓይኑ የባሌን ዓይን ይመስላል።

«አልወደቀችም። መትቷት ነው።»

«ማን?»

«እሱ።»

«እሱ ብሎ ነገር የለም። ስም ጥሪ።»

«ብሪጅላል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የጎን አልጋዋ አሮጊት ነውር እንደሰማ ሰው ሁለት ጆሮዋን ያዘች።

መስከረም 14
አባቴ ቤት ነኝ። አማጂ ሻንጣዬን በሰው ላኩት። ባሌ አይደውልም። ብሪጅላል በዋስ ወጣ፤ ያ ጣፋጭ አኛኪ የዲዲ ወንድም ደግሞ አስታርቆ ወደ እሱ መለሳት። ታዲያ መናገሬ ምን ፈየደ? አባቴ ሲስል እጄ አሁንም ወደ መሸፈኛዬ ይሄዳል።

ኅዳር 3
ዲዲ ደወለች! በጎረቤት ስልክ፣ ከግቢው በር ላይ ሆና። መንጋጋዋ ተጣሞ ቀርቷል። ቃሉ ባንድ ጎን ነው የሚወጣላት።

«ይመታሻል?»

«እስካሁን አልነካኝም። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ የሰውን ወሬ ነው የሚፈራው። ግን ያየኛል ኒሩ... ዝም ብሎ ያየኛል።»

ከዚያ ወሬ ቀየረች።

«ያ የሚያገሳው ቃልሽ ማን ነበር?»

«ሀርት።»

«ሦስተኛውን ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያ ያዢ፣ ልንገርሽ። ብሪጅላል...»

አሥራ ሁለት ዓመት ስትኖር ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ከበስተኋላዋ ሳል ተሰማኝ። ያው ሳል።

«ዝጊው ዲዲ! ዝጊው!»

አልዘጋችም። ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም።

«ብሪጅላል እኔን ጎድቶኛል» አለች፣ በዚያ በተጣመመ አፏ፣ እስከ መጨረሻው።